ከቦይለሩ የተረፈው ገጽ

ላ ስፔዚያ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1984

ለተከበሩት ለአጎቴ ልጅ፣ ለጋሼ ሳራንዲስ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ባሕሩንም ፊቱን ሳያጠቁር ያግኝልኝ። እኔ እዚህ ጣሊያን አገር ከብርዱና ከማያልቀው ስብሰባ በቀር የሚያስከፋኝ የለም። ለመርከብዎ ለላኤርቲስ ሰዎች ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ለዚያ ለሚያስነጥሰው አሮጌ ቦይለርዎም ጭምር።

ላኤርቲስ የዓመቱን የብልጫ ሰንደቅ ለሦስተኛ ጊዜ መውሰዷን እዚህ ሆኜ ሰማሁ። ኮርሱ ላይ ከስድስት አገር የመጣን ሃያ ሁለት መኮንኖች ነን። ባለፈው ሳምንት መምህራችን «አንድን የጦር መርከብ ከሌላው የሚያስበልጠው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን። አንዱ ሥነ ሥርዓት አለ፣ አንዱ አዲስ መሣሪያ አለ፣ አንዱ ተነስቶ ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ ሣለ። እኔ ደግሞ «የአጎቴ ልጅ ዋና መካኒክ የሆነባት መርከብ አለች። ዕድሜዋ አርባ ዓመት ነው። በሞተር ብልሽት ወደብ ላይ ቀርታ አታውቅም» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩ አልሳቀም። «እንግዲያው ምክንያቱን ጻፈው» አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ እሱ ሆኖ ቀረ። ጥሩ ከጻፍኩ አገር ቤት ስመለስ ጠቅላይ መምሪያ እመደባለሁ። ካልሆነ አንዱ ድንጋይ ላይ የመብራት ማማ ስጠብቅ ያገኙኛል።

ጋሼ፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ለመኮንንነቱ ፈተና ጂኦሜትሪ ያስጠኑኝ እርስዎ ነዎት። ጂኦሜትሪ አያውቁም ነበር፤ እኔ ሳነብልዎ ብቻ እየተቆጡ ራስዎን ይነቀንቁ ነበር። አሁንም አንድ ጊዜ ያስጠኑኝ። የላኤርቲስ ምስጢሯ ምንድን ነው?

አክባሪ ታናሽዎ፣
አናርጊሮስ


ሱዳ ወደብ፣ ላኤርቲስ ላይ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1984

ለወንድሜ ለአናርጊሮስ፣

የደሴታችን ቅዱስ ሚካኤል፣ ፓኖርሚቲስ የምንለው፣ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ። ደብዳቤህ ሦስት ሳምንት ፈጅቶ ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ መሰላል ስወርድ ይጮሃል፤ ስወጣ ዝም ይላል። ቦይለሩም ሰላምታህን ተቀብሎ አስነጥሷል።

ምስጢር ምስጢር ትላለህ። ምስጢሩ አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ ምስማር ነው።

በ1971 ሌላ መርከብ ላይ ነበርኩ። አንድ የቦይለር ሠራተኛ ፓምፑን ሳያጠብቅ ሄደ። ጥፋቱን ካወቀ በኋላ እስር ፈርቶ ዝም አለ። ሁለት ሰዎች ተቃጥለው ሞቱ፤ እኔ መሰላሉ ላይ ስለነበርኩ ተረፍኩ። ላኤርቲስ ላይ እንደተመደብኩ በቀጥታ ወደ አዛዡ ወደ ካፒቴን ቭሬቶስ ሄድኩ።

«ካፒቴን፣ ቦይለር ክፍል ደብተር ልሰቅል ነው። ያጠፋ ሁሉ ፈረቃው ሳይቀየር ጥፋቱን፣ ስሙን ሳያኖር፣ በገዛ እጁ ይጽፍበታል። እኔ አነባለሁ፣ እጠግናለሁ። ማንም አይቀጣም። እርስዎ አያነቡትም» አልኳቸው።

«እኔ እኮ የመርከቧ አዛዥ ነኝ» አሉ።

«ለዚህ ነዋ የማያነቡት።»

ጆሯቸውን አከኩ። «ምን ላይ ነው የሚሰቀለው?»

«ምስማር ላይ።»

«እንግዲያው እኔ ምስማር አላየሁም» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ከእሳቸው በኋላ አራት አዛዦች መጥተዋል። አዲሱ ሲረከብ አንድ ጊዜ ብቻ ቦይለር ክፍል አወርደዋለሁ። ዙሪያውን ያይና «ምስማር አላየሁም» ይላል። ከዚያ ወዲህ እግሩ እዚያ አይደርስም። በወሩ መጀመሪያ ቀን ፈረቃው ሁሉ ቆሞ እያየ ደብተሩን እሳት ውስጥ እወረውረዋለሁ፤ አዲስ እንሰቅላለን። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ሰዎቼ ሲያጠፉ ይነግሩኛል፣ እኔም ሳይፈነዳ እደርሳለሁ። ሌላው ቀለም መቀባት ነው።

እናትህ እትዬ ካሊዮፒ ሁለት ጆንያ የደረቀ ዳቦ ልካልኝ መርከበኛው ሁሉ እያኘከ ነው። አንተ ጋ ግን መላክ አልቻለችም፤ ጣሊያኖቹ ጥርሳቸው አይችለውም ብዬ አጽናናኋት።

ወንድምህ፣
ሳራንዲስ


ላ ስፔዚያ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1984

ለምወድዎ ጋሼ ሳራንዲስ፣

በጤና ይጠብቅልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለመምህሩም ተርጉሜ አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ «ይህ ለሁሉም መርከብ መድረስ ያለበት ነገር ነው» አለኝ።

ነገር ግን አንድ ችግር አለ። «ማስረጃ የሌለው ነገር ወሬ ነው» ይላል። ደብተሩ እውነት መኖሩን፣ ሰዎቹም እውነት እንደሚጽፉበት የሚያሳይ አንድ ገጽ ይፈልጋል። አንድ ብቻ። ስም እንደማይጻፍበት ራስዎ ነግረውኛል፤ እንግዲያው ማን ይጎዳል? ያ ሁለት ሰው የተቃጠለበት መርከብ ይህ ደብተር ቢኖረው ኖሮ ሰዎቹ ዛሬ በሕይወት ነበሩ። ሌሎች መርከቦች ላይ አሁንም እየፈሩ ዝም የሚሉ አሉ፤ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቋቸዋል።

ገጹ ከእኔና ከመምህሩ እጅ አይወጣም። በእሱ ምክንያት አንድም ሰው አይጠየቅም። በፓኖርሚቲስ ሚካኤል ስም ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ በገዛ እጄም ጽፌዋለሁ። እኛ የሲሚ ደሴት ሰዎች በእሱ ስም ምለን እንደማናጥፍ ያውቃሉ።

ታናሽዎ፣
አናርጊሮስ


ሱዳ፣ ማርች 9 ቀን 1984

ለአናርጊሮስ፣

ጤና ይስጥህ። ስዘገይ ተቆጥተህ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ልጽፍልህ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት፤ በሦስቱም እምቢ ነበር ያልኩህ።

ከዚያ እነዚያ ሁለቱ ሰዎች ትዝ አሉኝ። አንደኛው ሲስቅ ትከሻው ነበር የሚስቀው። የሌላ መርከብ ሰው ቢሆንም ሰው ነው አልኩ። ስለዚህ እነሆ፣ የፌብሩዋሪን አንድ ገጽ ልኬልሃለሁ።

እንዴት እንዳመጣሁት ልንገርህ፣ ለሌላ ሰው ልነግረው አልችልምና። በወሩ መጀመሪያ ፈረቃው እንደ ወትሮው ተሰበሰበ። እኔ ከእቃ ክፍል አንድ ባዶ ደብተር አውጥቼ፣ ሽፋኑን በዘይት አቆሽሼ፣ እሱን እሳት ውስጥ ወረወርኩ። እውነተኛው ሸሚዜ ስር ነበር። በኋላ ብቻዬን ሆኜ ይህን ገጽ ቀድጄ ሌላውን አቃጠልኩ። ከቀድሞው መርከብ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ የሠራው ቲሞሌዎን፣ የቦይለሮቹ ኃላፊ፣ ባዶውን ስወረውር አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ ሳራንዲስ፣ ዛሬ ቶሎ ነደደ» አለኝ።

«ደረቅ ነው» አልኩት።

«እንዲያ ነው?» አለና እጁን ጠራርጎ ሄደ።

አናርጊሮስ፣ እኔ ለሰዎቼ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ገጹን አንብበህ፣ ለመምህርህ አሳይተህ፣ መልሰህ ላክልኝና ራሴ ላቃጥለው።

ሳራንዲስ


ላ ስፔዚያ፣ ማርች 17 ቀን 1984

ውድ ጋሼ፣

ሚካኤል ውለታዎን ይክፈልልኝ። ገጹ በደህና ደርሶኛል። አራት ጽሑፎች አሉበት። ሦስቱ ተራ ነገር ናቸው፤ መፍቻ ወደቀብኝ፣ ዘይት ሳልሞላ ቀረሁ የሚሉ። አራተኛው ግን ቀልቤን ወሰደው። ወደ ግራ ያጋደለ ጽሕፈት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሜ አንቀላፋሁ። የቦይለሩ ውሃ ከልኩ መስመር በታች አራት ደቂቃ ቆየ። በራሴ ነቃሁ፣ ቫልቩን ከፍቼ መለስኩት። የሁለተኛው ቦይለር የውሃ ልክ ማሳያ መስታወት ጭጋግ ይዟል፣ ከሩቅ አይነበብም፤ ይቀየር።»

ይህን የመሰለ የታመነ ሰው በየት ይገኛል? መምህሩም ስለ እሱ ጠየቀኝ። ማን ነው? እንዴትስ ቆሞ ሊያንቀላፋ ቻለ? ለራሴ ነው፣ ሰውየውን በልቤ ማወቅ ስለምፈልግ ብቻ ነው።

አናርጊሮስ


ሱዳ፣ ማርች 28 ቀን 1984

ወንድሜ አናርጊሮስ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። የጻፈው ያ የነገርኩህ ቲሞሌዎን ነው። «ቶሎ ነደደ» ያለኝ ራሱ።

ሚስቱ ፎቲኒ ሃኒያ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይተኛ አጠገቧ ተቀምጦ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ መጣ። «ፈቃድ ውሰድ» ብለው፣ «የእኔን ተራ የሚይዘው ሰው ልጁን ክርስትና ሊያነሳ ነው፣ ቀኑን አላበላሽበትም» አለኝ። ውሃ ከመስመሩ ሲወርድ ብረቱ እንደሚቃጠል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚተርክ ሰው እንደማይገኝ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ማንም አላየውም ነበር። ዝም ቢል አይታወቅበትም። እሱ ግን ጻፈው፣ የመስታወቱንም ነገር ጨመረበት። ከዚያ በኋላ የሁሉንም ቦይለር መስታወት ስንቀይር አንደኛው ተሰንጥቆ ተገኘ። አየህ፣ ሰንደቁን ያመጣልን እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ስሙን አታንሳ። ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ገጹንም እየጠበቅሁ ነው።

ሳራንዲስ


ሱዳ፣ ሜይ 30 ቀን 1984

አናርጊሮስ፣

እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ፣ ካለህ። ከማርች ወዲህ ድምፅህ የለም። እናትህ እንደጻፈችልኝ ለፋሲካ ሲሚ ነበርክ፤ አዲስ ማዕረግ ክንድህ ላይ ታስሮ፣ የተጠበሰ ትንንሽ የባሕር ሽሪምፕ ሁለት ሳህን በልተህ። እኔ ጋ ለመምጣት መርከብ ጠፋ እንበል።

ገጹም አልመጣም። በሱ ፈንታ ከላይ አንድ ትእዛዝ መጥቷል። እያንዳንዱ መርከብ የሞተር ክፍሉ ውስጥ «የስህተት መዝገብ» ያስቀምጥ ይላል። ሰማያዊ ሽፋን፣ በቀለም የሚጻፍ፣ ገጹ ቁጥር ያለው። ስም፣ ማዕረግ፣ መለያ ቁጥር፣ የተቆጣጣሪ መኮንን ፊርማ። ሲሞላ ለጠቅላይ መምሪያ ይላካል። የመስታወት ቁም ሳጥን ሁሉ ልከውልናል፣ ከነቁልፉ። ሰዎቹ ዙሪያውን ቆመው አዩት።

«ጋሼ፣ ይሄ የእኛው ደብተር ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«አጎቱ ነው፣ ከተማ ገብቶ ሱፍ ለብሶ የመጣው» አለ ቲሞሌዎን። ሁሉም ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

የአሁኑ አዛዥ ምስማሩን ንቀሉት ብለው አዘዙ። እስካሁን አልነቀልኩትም።

ይህ ያንተ ሥራ ነው? አዎ ወይም አይደለም ብለህ ጻፍልኝ።

ሳራንዲስ


ፒሬየስ፣ ጁን 14 ቀን 1984
(በታይፕ የተጻፈ)

ለዋና መካኒክ ሳራንዲስ፣
ላኤርቲስ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። በሥራ ብዛት ሳልጽፍልዎ በመቆየቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ጽሑፌ ከኮርሱ አንደኛ መውጣቱን፣ እኔም በጠቅላይ መምሪያ የመርከቦች ብቃት ክፍል ኃላፊ ሆኜ መሾሜን ስገልጽልዎ በኩራት ነው። የእርስዎ ልምድ ዛሬ የሁሉም መርከብ ልምድ ሆኗል። ሊደሰቱ ይገባል።

ከጽሑፉ አባሪዎች አንደኛው የዲሲፕሊን ኮሚቴውን ትኩረት ስቧል። በዚህም ምክንያት የቦይለር ኃላፊው ቲሞሌዎን በጁን 25 ለጥያቄ ይቀርባል። አይጨነቁ፣ ለደንቡ ያህል ነው። የእርስዎ ስም እንዳይነሳ አስፈላጊውን አድርጌያለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አያይዣለሁ። ገጹ በፈረቃው አባላት ፈቃድ ተሰጠ የሚል ነው። ሌላ ጣጣ እንዳይመጣ ፈርመው በቶሎ ይመልሱልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ኮማንደር አናርጊሮስ


ሱዳ፣ ጁላይ 1 ቀን 1984

አናርጊሮስ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን።

ቲሞሌዎን ከኮሚቴው ትናንት ተመለሰ። ከቦይለሩ ፊት ለፊት ባለው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም።

«ከሥራ አሰናበቱኝ፣ ያለ ጡረታ። ጥበቃ ላይ መተኛት ነው ጥፋቴ። ልክ ናቸው፣ ተኝቻለሁ» አለኝ።

«ይግባኝ አለ» አልኩት።

«ቆይ ጋሼ። አንደኛው ሰውዬ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ሚስትህ ሆስፒታል ነበረች አይደል፣ ሦስት ቀን አልተኛህም አይደል› አለኝ። እኔ ደብተሩ ላይ ስለ ፎቲኒ አልጻፍኩም። ለሰውም አላወራሁም። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።»

የውሃውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ያ ገጽ ተቃጥሏል አይደል? እኔ አጠገብህ ቆሜ።»

ፊቴን ወደ ቦይለሩ በር አዞርኩ።

«ቶሎ ነደደ ብዬህ ነበር» አለና ተነሳ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንለያይ ትከሻዬን ሳይመታኝ ሄዶ አያውቅም። ትናንት ግን በቀጥታ መሰላሉን ወጣ።

ስሙን ለማን ነው የሰጠኸው? ስለ ፎቲኒ ለማን ነው የነገርከው? በልቤ ማወቅ ስለምፈልግ ነው ብለኸኝ ነበር። በገዛ እጅህ የማልከውንስ ምን አደረግኸው? ክንዴ ላይ አሳድጌ እንዲህ ያለ ነገር ካንተ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ተካድኩ እንዳልል አፍራለሁ፤ እኔም ሰዎቼን ከድቼ ነው አንተን ያገኘሁት።

ወረቀትህን አልፈረምኩም።

ሳራንዲስ


ፒሬየስ፣ ጁላይ 9 ቀን 1984

ጋሼ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። በስሜት የጻፉትን እንዳላየሁ ሆኜ አልፌዋለሁ።

አለቆቼ ጠየቁኝ፤ መኮንን ነኝና መለስኩ። የሚስቱንም ነገር የተናገርኩት ቅጣቱን ያቀልለታል ብዬ ነው፤ ሳያቀልለት ቀረ። ሰውየው ቦይለር ፊት ተኝቷል። የእርስዎን ደብተር በመላው ባሕር ኃይል ላይ ያሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው በዚህ መሀል ተጎዳ ብሎ ሁሉን ማፍረስ አግባብ አይደለም። ትልቅ ሥራ ሲሠራ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ወደፊት እርስዎ ራስዎ ይረዱኛል።

ሴፕቴምበር ላይ እድገቴ ይታያል። ወረቀቱን ይፈርሙ፣ እባክዎ። በእኛ መካከል የተጻጻፍነውንም ለሁለታችን ሲባል እንደ ልማድዎ ቦይለር ውስጥ ይጨምሩት።

አናርጊሮስ


ሱዳ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1984

ለክቡር ኮማንደር አናርጊሮስ፣
የመርከቦች ብቃት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ኮማንደር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከእርስዎ ክፍል የተላኩ ተቆጣጣሪዎች በኦገስት አጋማሽ መርከባችንን መርምረዋል። ሰማያዊውን መዝገብ ከቁም ሳጥኑ አውጥተው ከሽፋን እስከ ሽፋን ገለጡት። አንድም ቃል አልተጻፈበትም። «በሦስት ወር ውስጥ አንድም ስህተት የለም» ብለው ከፍተኛውን ነጥብ ሰጡን። ዘንድሮም ሰንደቁ የእኛ ነው ይባላል።

እነሱ በሄዱ በአራተኛው ቀን የሁለተኛው ቦይለር አንዱ ቧንቧ ተነደለ። አንድ ሰው ክንዱ ተቃጠለ፤ ይድናል። ቧንቧው ላብ ላብ ማለት ከጀመረ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። ያየው ሰው አለ። ጠርቼ ጠየቅሁት።

«ካየህ ለምን አልጻፍክም?»

«የት ላይ ጋሼ?» አለኝ። በክፋት አልነበረም የመለሰልኝ። የት ላይ እንደሚጻፍ በእርግጥ ጠፍቶት ነበር።

ያኔ ነው የምሠራውን የቆረጥኩት። ምስማሩ እስካሁን አለ ብዬዎት ነበር። አንድ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ገዝቼ ሰቀልኩበት። የመጀመሪያውን ገጽ ራሴ በእርሳስ ጻፍኩ። «የማርች መጀመሪያ ቀን ፈረቃው ፊት ባዶ ደብተር አቃጠልኩ። እውነተኛውን ደብቄ አንዱን ገጽ ለዘመዴ ላክሁ። የቲሞሌዎንን ስምና የሚስቱን ሕመም የነገርኩትም እኔ ነኝ።» ከሥሩ የእርስዎን አምስት ደብዳቤዎች በሲባጎ አስሬ አንጠለጠልኳቸው። ከዚያ ሰዎቹን ሰብስቤ «አንብቡ» አልኩና ወጣሁ።

ለሁለት ቀን የሥራ ጉዳይ ካልሆነ ማንም አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ባየው ከእኔ ጽሑፍ ቀጥሎ አንዱ «የፓምፑን ማጣሪያ ሳላጥብ ወጣሁ» ብሎ ጽፎበታል። ማጣሪያውን ሄጄ አጠብኩት። እያጠብኩ አለቀስኩ፤ ልደብቅዎ አልፈልግም።

ደብተሩን በወሩ መጀመሪያ ፈረቃው ፊት አቃጥያለሁ። ደብዳቤዎቹን ይዤ ወደ ይግባኝ ሰሚው ኮሚቴ ሄድኩ። ጡረታ የወጡትን ካፒቴን ቭሬቶስንም አስጠራሁ። ሰባ ሊሞላቸው ነው፤ በከዘራ ገቡ። ሰብሳቢው «እንዲህ ያለ ደብተር፣ አይቀጣም የሚል ቃልም እንደነበረ ያውቃሉ?» አላቸው። ጆሯቸውን አከኩ።

«ምስማሩን አይቼዋለሁ» አሉ። «ቃሉንም የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ውሳኔው ዛሬ ጠዋት ደረሰን። በአዛዥ ቃል ተጠብቆ የተጻፈ፣ ከዚያም በማታለል የተወሰደ ጽሑፍ ሰው ሊያስቀጣ አይችልም ተብሏል። ቲሞሌዎን ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የሦስት ዓመቱም የጡረታ ጊዜ ይታሰብለታል። እኔ ማዕረጌን ተነጥቄ በወሩ መጨረሻ ከመርከቧ እወርዳለሁ። ተገቢ ነው። እትዬ ካሊዮፒ ለፎቲኒ አንድ ጆንያ ደረቅ ዳቦ ልካለች፤ ማን ምን እንደነገራት አላውቅም፣ የእርስዎን ስም ግን በደብዳቤዋ አላነሳችም። ቲሞሌዎን እስካሁን አላናገረኝም። ትናንት ግን መሰላሉ ላይ ስንተላለፍ ጉልበቴ ስለጮኸ ቆሞ አሳለፈኝ።

አናርጊሮስ፣ ከዚህ በታች ላለው ኮማንደር አልልህም።

ደብዳቤዎቹን እንዳቃጥላቸው ለምነኸኝ ነበር። አንድ ጊዜ መቃጠል ያለበትን አስቀርቼ ባዶውን አቃጥያለሁ፤ የሆነውን አይተሃል። በፓኖርሚቲስ ስም የማልከውን ራስህ ትከፍላለህ፣ እኔ በዚያ አልገባም። ኮሚቴው ግን ሐሙስ ይጠራሃል። አንዱ ደብዳቤ በታይፕ ነው። አራቱ በእጅህ የተጻፉ ናቸው፤ የማን ጽሕፈት ነው ብለው ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው።

ሳራንዲስ